የኮልፌን አሞራ ማን ቆጠረው?

በዓመት አንድ ጊዜ በምትወጣው በዚህች መጽሔታችን ስለ ትምህርት ጥቅም፥ ስለ ንጽሕና፥ ስለ መልካም ጠባይና ስለ ስፖርት ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም እንደሚጻፍ የታወቀ ነው። እኔ ግን ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስሙ ለስድብ ካልሆነ በቀር በሰው አፍ ስለማይጠራው ስለ ጥንብ አንሳ ለመጻፍ ነው። አንባቢዎቼ ከወዲሁ አፍንጫቸውን እንዳይዙ እለምናለሁ። አሳቤ አጭር ነው፤ ይኸውም በኮልፌ ሰማይ ላይ የሚዞሩትን አሞሮች በየዓመቱ ቆጥሮ ቁጥሩን በወረቀት ላይ የሚያሰፍር ሰው ያስፈልጋል፤ ይህንንም ሥራ ከሩቅ የሚመጣ ሊቅ እስኪሠራልን ድረስ ሳንጠብቅ እኛው ተማሪዎች ልንይዘው ይገባናል የሚል ነው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ጀምሮ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ጥንብ አንሳም ይህን ጠብቆ ክንፉን ሳያማታ፥ ዘርግቶ ብቻ፥ እንደ ጢስ እየተጥመለመለ ከፍ ከፍ ይላል። ከአጠና ተራ ወይም ከጦር ኃይሎች ወገን ቆሞ ወደ ረጲ አቅጣጫ ቀና ብሎ ያየ ሰው ይህን ትርኢት ያለ ክፍያ ያገኘዋል። ታዲያ ብዙዎቻችን በሰማይ ያየነውን ጥቁር ነገር ሁሉ «አሞራ» ብለን እናልፈዋለን። ዓይን ሲለምድ ግን ልዩነቱ ይገለጣል። ጅራቱ እንደ ዓሣ ጅራት መካከሉ ገባ ያለውና ከልጅ እጅ ዳቦ ሞጭልፎ የሚሄደው ጭልፊት ነው። እግሩ የረዘመ፥ ራሱ የተመለጠ፥ ከጉሮሮው ሥር ከረጢት የተንጠለጠለበት አባ ኮዳ ነው፤ እርሱ ከጥንብ አንሳ ጋር በአንድ ገበታ ይቅረብ እንጂ ዘመዱ አይደለም። ክንፉ እጅግ ሰፊ የሆነው ትልቁ ደግሞ ጆፌ አሞራ ይባላል። ከጆፌው የሚያንሰው፥ አካሉ ጥቁር ቡናማ፥ ፊቱ ላባ የሌለውና ቀላ ያለ፥ ምንቃሩም ቀጭን የሆነው ትንሹ ጥንብ አንሳ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ እርሱ ነው። በዚህ ቀጭን ምንቃር ወፍራም ቆዳ መቅደድ ስለማይሆንለት፥ ትልልቆቹ በልተው እስኪነሡ ይጠብቅና ከአጥንት መካከል የቀረችውን ሥጋ እየለቀመ ይኖራል። የአሞራ ድኻ ቢባል ያስኬዳል።

ይህ ወፍ ኮልፌን የወደደበት ምክንያት የተሰወረ አይደለም። ረጲ ላይ ያለው፥ ሕዝቡ ቆሼ ብሎ የሚጠራው የቆሻሻ መጣያ በ1956 ዓ.ም. ገደማ ከተከፈተ ጀምሮ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ጥራጊ ሲቀበል ኖሯል። ስፋቱ 36 ሄክታር ያህል ነው። ሥጋ ቤት የጣለው አጥንት፥ የሞተ ዶሮ፥ የድግስ ትርፍራፊ፥ ሁሉም እዚያ ይደርስ ነበር፤ አሞራውም ተከትሎ ይደርስ ነበር። ከአሞራውም ጋር ኑሮ ያስቸገረው ሰው ደርሷል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ወገኖቻችንን ከነቤታቸው ቀበራቸው።

እንግዲህ «ሰው ባለቀበት ስፍራ አሞራ ቁጠሩ ማለት ምን ዓይነት ነገር ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ዘልዬው ማለፍ አልወድም። ሰውን ከአሞራ ጋር በሚዛን የሚያስቀምጥ ሰው ቢኖር እኔም ከተቃዋሚዎቹ አንዱ እሆናለሁ። ነገር ግን አሞራው የጠፋ እንደ ሆነ በመጀመሪያ የሚጎዳው በቆሻሻው ዳር ቤት የሠራው ያው ምስኪን ሰው ነው። ይህንንም ከራሴ አመንጭቼ የምናገረው ሳይሆን በህንድ አገር የሆነውን አንብቤ ነው።

በህንድ አገር ላም ስለማይታረድ የሞተው ከብት ሁሉ የጥንብ አንሳ ድርሻ ነበር፤ ወፉም ከብዛቱ የተነሣ ሊያልቅ ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። ኬኦላዴኦ በሚባለው የወፎች መጠለያ ግን ቪቡ ፕራካሽ የተባሉ ተመራማሪ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎጆዎቹን ቆጥረው ጽፈው ነበር። ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ተመልሰው ቢቆጥሩ ከግማሽ በላይ ጠፍቶ አገኙት፤ በ2003 ደግሞ በዚያ መጠለያ አንድም ጎጆ አልቀረም። ወገቡ ነጭ የሆነው ዓይነት በመላው ህንድ ከ1992 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ውስጥ ከሺህ አንዱ ብቻ ቀረ ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ምን ይሆን ተብሎ ብዙ ከተመረመረ በኋላ በ2004 ነገሩ ተገለጠ። ገበሬዎች ለታመመ ከብት ሕመም ማስታገሻ አድርገው የሚሰጡት ዳይክሎፌናክ የተባለው መድኃኒት፥ ማለት እኛም አገር ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም ከየፋርማሲው የምንገዛው ያው መድኃኒት፥ በበድኑ ውስጥ ቀርቶ ሥጋውን የበላውን አሞራ ኩላሊቱን ያበላሸው ኖሯል። በ2006 ህንድ፥ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉ።

ወዲያውስ ምን ሆነ ቢባል፥ በድኑ ሜዳ ላይ ሲቀር ውሻ በላው፤ ውሻውም በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታም አብሮ በዛ። ውኃውም ተበከለ። በ2024 የታተመ አንድ የኢኮኖሚ ጥናት ከ2000 እስከ 2005 በነበሩት ዓመታት ብቻ ከጥንብ አንሳ መጥፋት የተነሣ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገምታል። እንዲህ ያለውን ቁጥር ሳነብ መጀመሪያ አላመንሁም ነበር። ነገር ግን የጥንብ አንሳ ሆድ አሲዱ እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ ሌላውን እንስሳ የሚገድሉትን ብዙ የበሽታ ጀርሞች አቃጥሎ እንደሚያጠፋ፥ ውሻ ግን በሽታውን ይዞ ወደ ደጃችን እንደሚመለስ የተረዳ ሰው ነገሩ አይከብደውም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የመጀመሪያው ቆጠራ ነው። ያ ሰው በ1980ዎቹ ወፉ እንደ አሸዋ በበዛበት ጊዜ ጎጆ ለጎጆ እየዞረ ሲቆጥር የሳቁበት አይጠፉም ብዬ አስባለሁ። ያን ጊዜ ባይቆጥር ኖሮ ግን በኋላ «ቀነሰ» የሚለው ቃል የሽማግሌ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። እስቲ አሁን ወደ ራሳችን እንመለስና እንጠይቅ። ቆሼ በተከፈተ ጊዜ ስንት ጥንብ አንሳ ነበረ? መሬቱ በተናደበት ዓመትስ? ቆሻሻ አቃጥሎ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያመነጨው ፋብሪካ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላስ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? የሰፈራችንን ሽማግሌ የጠየቀ ሰው «ድሮ ሰማዩን ያጠቁረው ነበር» የሚል መልስ ያገኛል። መልካም መልስ ነው፤ ግን አይደመርም፥ አይቀነስም።

አገራችን በወፍ ሀብት የታወቀች ናት፤ ከ850 የሚበልጡ ዓይነቶች ይገኙባታል። ዝርዝራቸውንም ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1971 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳትመውታል። ከዚያም በፊት በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተቋቁሞ እስከ ዛሬ ይሠራል። ዝርዝር ግን «ይህ ወፍ አለ» ይላል እንጂ «ይህን ያህል አለ» አይልም። ስምን መመዝገብና ብዛትን ማወቅ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሁለተኛው አድካሚ ነው፤ በአንድ ጉዞ አያልቅምና፥ ያው ሰው ወይም ተተኪው ወደ ያው ስፍራ ደጋግሞ መመለስ አለበት። ለዚህም ነው የጎደለን።

ጥቂት ግን አልጠፋም። በ2010ሮቹ (እ.ኤ.አ.) በሀገራችን በልዩ ልዩ ቄራዎች ላይ ተመራማሪዎች ለዓመታት ቆመው ጥንብ አንሳውንና ውሻውን ጎን ለጎን ቆጥረው ነበር። ጆፌ አሞሮቹ በጥቂት ዓመት ውስጥ እጅግ ሲቀንሱ፥ ትንሹ ጥንብ አንሳም ጥቂት ሲቀንስ፥ ውሾቹ ከእጥፍ በላይ ሆነው ተገኙ። ህንድ የተጓዘችበትን መንገድ እኛም መጀመራችን አይደለምን? ማታ ከሱቅ ወደ ቤት ሲመለስ በውሻ መንጋ ተከቦ ድንጋይ ያነሣ የኮልፌ ልጅ ሁሉ ለዚህ ምስክር ሊሆን ይችላል።

በመላው አፍሪካም ሁኔታው ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ወይም በ2016 ገደማ የወጣው ጥናት እንደሚያስረዳው ስምንት ዓይነት ጥንብ አንሳዎች በ30 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ በአማካይ 62 በመቶ ቀንሰዋል። ዋናው ገዳይ መርዝ ነው። አንዳንዱ መርዝ ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ በሥጋ ላይ ይደረግና አሞራው ቀድሞ ይበላዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ የዝሆን አዳኞች የሚዞረው አሞራ እንዳያጋልጣቸው ሲሉ ሆን ብለው በበድኑ ላይ ይጨምሩታል። በጊኒ ቢሳው በ2020 ገደማ ከ2,000 የሚበልጡ ትንንሽ ጥንብ አንሳዎች በመርዝ ያለቁት ግን አካላቸው ለጥንቆላ ስለ ተፈለገ ነበር። በኤሌክትሪክ ሽቦ ተይዞ የሚሞተውም ብዙ ነው። ወፉ በዓመት ከአንድ እንቁላል በላይ ስለማይጥል የሞተውን ቶሎ አይተካም። በዚህ ምክንያት የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2015 ትንሹን ጥንብ አንሳ ከመጥፋት አፋፍ ላይ ካሉት ፍጥረቶች ተራ መዘገበው። ከዋልያ አይቤክስ ጋር ቢነጻጸር እንኳ አደጋው የሚያንስ አይደለም። ዋልያን ግን በመጽሐፍም በሥዕልም እናውቀዋለን፤ እንኮራበታለን። ከጣራችን በላይ የሚዞረውን ስንሰድበው እንውላለን። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

አሁን ወደ አቆጣጠሩ እንግባ፤ በዚህ ላይ ጥቂት ልዘገይ እፈልጋለሁ፥ ምክንያቱም «እንቁጠር» ማለት ቀላል ሲሆን በደንብ ያልተቆጠረ ቁጥር ካለመቁጠር ይከፋልና።

መጀመሪያ፥ ቆሼ ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ አይገባምም። ስፍራው አደገኛ ነው፤ በዚያ የሚኖረውና የሚለቅመው ሰውም መመልከቻ አይደለም። አሞራ የሚቆጠረው በሰማይ ስለ ሆነ ከሩቅ፥ ከፍ ካለና ዙሪያውን ከሚያሳይ ስፍራ ሆኖ መመልከት ይበቃል። ስፍራው አንድ ጊዜ ከተመረጠ በኋላ ግን በየዓመቱ ያው መሆን አለበት፤ ቀኑም ያው፥ ሰዓቱም ያው። ዘንድሮ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት፥ ለከርሞ ከቀኑ በ9 ሰዓት የቆጠረ ሰው የለካው የፀሐይን ሙቀት እንጂ የአሞራን ብዛት አይደለም።

ሁለተኛ፥ ያየነውን ሁሉ መደመር ስሕተት ነው። ያው አንድ አሞራ ዞሮ ሲመለስ አሥር ጊዜ ይቆጠራልና። ስለዚህ በየ10 ደቂቃው ሰማዩን አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ማየት፥ በዚያች አፍታ የታየውን ብቻ መጻፍ፥ በመጨረሻም ከሁሉ የበለጠውን ቁጥር የዕለቱ ቁጥር አድርጎ መያዝ ይሻላል። እውነተኛው ብዛት ከዚህ ሊበልጥ ይችላል፤ ከዚህ ግን አያንስም። ሁለት ተማሪዎች ጀርባ ለጀርባ ሆነው ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይቁጠሩ፤ ሁለቱም ቁጥሮች ይጻፉ። ተስማምተው አንዱን ቁጥር ቢሰርዙት ግን ደብተሩ ውሸት መማር ይጀምራል።

ዜሮም ቁጥር ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው የብዙ ሰው ጠባይ ምንም ያላየ ቀን ምንም አለመጻፍ ስለ ሆነ ነው። «ዛሬ አንድም ጆፌ አሞራ አልታየም» የሚለው መስመር ከሃያ ዓመት በኋላ ከሁሉ የከበረ መስመር ሊሆን ይችላል። ደመና ነበረ ወይ? ነፋስ ነበረ ወይ? ይህም ይጻፍ። ውሻም ይቆጠር፤ ከተመረጠ መንገድ ላይ፥ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ እየተራመዱ።

ጎጆም አለ። ጥንብ አንሳ በረጅም ዛፍ ላይ በእንጨት ጭራሮ ይሠራል። በሰፈራችን ረጃጅም ዛፍ የቀረው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት፥ በመስጊዶችና በመቃብር ስፍራዎች ቅጥር ውስጥ ነው፤ ሌላው ሕንፃ ሆኗል። አባቶችንና ሼኾችን በትሕትና አስፈቅዶ፥ ከሥር ቆሞ፥ ወደ ላይ ሳይወጡና ድንጋይ ሳይወረውሩ ጎጆውን መመዝገብ ይቻላል። በዚህ አጋጣሚ ያ ዛፍ እንዳይቆረጥ አንድ ቃል ቢነገር ደግሞ አይጎዳም።

አንድ ችግር እንዳለ ልደብቅ አልፈልግም። ቁጥሩ ሲቀንስ ወፉ ሞተ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ቆሻሻው ወደ ሌላ ስፍራ ተወስዶ ወፉም ተከትሎት ሄዶ ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ዓመት ቁጥር ምንም አይናገርም፥ የሁለት ዓመትም ያሳስታል። የአምስትና የአሥር ዓመት ቁጥር ግን በከተማው ውስጥ ቆሻሻው የት እየሄደ እንዳለ ከሚናገር ማስታወሻ ጋር ሲጣመር መናገር ይጀምራል። ለዚህ ትዕግሥት ከትምህርት ቤት የሚበልጥ ተቋም አላውቅም። ተመራማሪ የሥራ ዘመኑ ያልቅና ይሄዳል፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን በየዓመቱ አዲስ ይመጣል።

አሞራ የማይወድ ተማሪ ካለ ገፈርሳ አለለት። በአምቦ መንገድ በስተምዕራብ ያለው ይህ ግድብ ለከተማው የመጠጥ ውኃ ከመስጠቱ ሌላ የብዙ ወፎች ማረፊያ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ክንፉ ሰማያዊ ዝይ በዚያ አካባቢ ይታያል። በጥር ወር ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ ዳክዬዎችም ይጨመሩበታል፤ በየአገሩ የውኃ ወፍ ቆጠራ በዚያ ወር የሚደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። «ከእኛ የሚገኝ አዲስ ነገር ምን አለ?» ለሚል ደግሞ የነጭ ሳርን ወፍ ላስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምብሪጅ የመጣ የጉዞ ቡድን በነጭ ሳር ሜዳ መንገድ ላይ መኪና የደፈጠጠው አንድ የወፍ ክንፍ አገኘ፤ ክንፍ ብቻ። ከዚህ በፊት ማንም የማያውቀው የሌሊት ወፍ ዓይነት፥ ማለት በሌሊት የሚበር እውነተኛ ወፍ ሆኖ ስለ ተገኘ በ1995 ስም ወጣለት፤ የሳይንስ ስሙም «ክንፍ ብቻ» ማለት ነው። ከእኛ መካከል ስንቱ ሰው ያችን ክንፍ ረግጧት ባለፈ ነበር!

ስለዚህ ለመጽሔታችን አዘጋጆች የማቀርበው ልመና ይህ ነው። በየዓመቱ በሚወጣው እትም ውስጥ አንድ ገጽ፥ ግማሽ ገጽም ቢሆን፥ ለቆጠራው ይተውልን። በገጹ ላይ የዓመቱ ቁጥር፥ ከሥሩም ያለፉት ዓመታት ቁጥሮች ሁሉ በተራ ይታተሙ። መጽሔቷ በቤተ መጻሕፍት ስለምትቀመጥ ቁጥሩ አይጠፋም፤ ደብተር ግን እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። የባዮሎጂ መምህራኖቻችንም አንድ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ከየትም ብለው ቢያገኙልን ደስ ይለናል፤ ባይገኝም በዓይን ይቆጠራል።

የመጀመሪያው ቆጠራ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት እንዲሆን አሳስባለሁ። ስሙን ለማስመዝገብ የሚፈልግ ተማሪ ከየትኛውም ክፍል ቢሆን ይችላል። ባርኔጣና እርሳስ ይዞ ይምጣ፤ እስክሪብቶ በፀሐይ ይደርቃል።